«እግሩን ነው የላክነው»

ባለፈው ስብሰባችን የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ሳልቃወም ዝም ብዬ በመውጣቴ አፍሬአለሁና ዛሬ በጽሑፍ እቃወማለሁ። ሐሳቡ፣ ስመ ጥር ሯጮቻችን በአገሪቱ ስለሚደረገው ግጭት ከየትኛው ወገን እንደ ቆሙ በግልጽ እንዲናገሩ ማኅበራችን ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ዝም የሚሉትንም ተማሪው በአድርባይነት ይቁጠራቸው የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ነገሩን ከሰፈሬ ልጀምር። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ የፍልሰታ ጾም የመጨረሻ ቀን። እኔ ገና ልጅ ነኝ። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ባለ አንድ ሻይ ቤት፣ ከአጠና ተሸካሚዎችና ከነጋዴዎች መካከል ተሸጉጬ የሪዮን ማራቶን እመለከታለሁ። ፈይሳ ሌሊሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። በኦሮሚያ ተቃውሞ የወጡት ወጣቶች ያንኑ ምልክት ሲያሳዩ መክረማቸውን የማያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «እኛ እግሩን ነው የላክነው፤ እጁን ማን አዘዘው?» አሉ። የመለሰላቸው የለም።

የሽማግሌው አነጋገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሩጫና ፖለቲካ አይገናኙም የሚሉን ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነውና። ግን እግሩንስ ቢሆን መቼ ከፖለቲካ አስጥለውት ያውቃሉ? በ1968 ዓ.ም. መንግሥታችን ከሌሎች የአፍሪካ መንግሥታት ጋር ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ የወጣው፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ነው። ምክንያቱ የሚያስከብር ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ምሩፅ ይፍጠር ነው፤ በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ ወርቁን ለማየት እስከ 1972ቱ ሞስኮ ድረስ 8 ዓመት ጠበቀ። ከዚያ በ1976 ሶቪየት ኅብረትን ተከትለን ከሎስ አንጀለስ ቀረን፤ በ1981 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነን ከሶል ቀረን። ሦስት ኦሊምፒክ! ስንት ጉልበት፣ ስንት ወጣትነት በከንቱ አለፈ። ስለዚህ የተከለከለው ፖለቲካ አይደለም፤ ሯጩ በራሱ አሳብ የሚናገረው ፖለቲካ ነው።

ዝነኛ ሁሉ አዋቂ አይደለም የሚለውን ክርክር አልፈዋለሁ። እኛም ሁላችን አዋቂ ሆነን አይደለም የምንናገረው።

እስከዚህ ድረስ ከሐሳቡ አቅራቢዎች ጋር አንድ ነኝ። የምለያቸው ከዚህ በኋላ ነው። ፈይሳ እጁን ያጣመረው ማንም ደብዳቤ ጽፎለት አይደለም። ራሱ ወሰነ፤ 2 ዓመት በስደት ከርሞ በጥቅምት 2011 ተመለሰ። በኅዳር 2014 ደግሞ እንደ ኃይሌ ገብረሥላሴ እርሱም ወደ ጦር ግንባር ለመዝመት ዝግጁ መሆኑን ሲናገር፣ በ2008 ያወደሱት አንዳንድ የሰፈሬ ሰዎች ሰደቡት፤ ሰድበውት የነበሩት አመሰገኑት። ሁለቱም ወገን የፈለገው የፈይሳን አሳብ አልነበረም፤ የራሱን አሳብ በፈይሳ አፍ ለመስማት ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። በሐምሌ 2014 በአሜሪካ ኦሪገን ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጎቲቶም ገብረሥላሴ በማራቶን ወርቅ ሲያመጡ፣ በተወለዱባት በትግራይ ስልክ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ ማኅበራችን «ወገናችሁን አሳውቁ» ብሎ ቢጽፍላቸው ኖሮ፣ ያ ደብዳቤ ከፖሊስ ምርመራ በምን ይለይ ነበር? የሚናገር ሯጭ የሚናገረው በራሱ ላይ ብቻ ፈርዶ አይደለም፤ እናትና አባት፣ ወንድምና እኅት አለው።

በሜክሲኮ በጥቅምት 1961 ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የጥቁር ሕዝብን በደል ለማሳየት በሽልማቱ መድረክ ላይ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አነሡ፤ ከቡድናቸውም ተባረሩ። ከ4 ቀን በኋላ በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸነፈ፤ እጁን ለተቃውሞ አላነሣም። ማሞን በዚህ አድርባይ የሚለው ማን ነው? ይነሣና ይናገር!

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሐቁን እንነጋገር። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣነው ስለምንፈራ ነው። በመኝታ ክፍላችን በር ዘግተን የምንንሾካሾከውን፣ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያውቀው ሰው ጮክ ብሎ እንዲልልን እንሻለን። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ሲሰለፉ፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ካገኘ ገና 4 ወሩ ነበር። ከእርሱ የበለጠ ዝነኛ ከየት ይመጣል? እነርሱ ግን ያስቀደሙት የራሳቸውን ደረት ነው።

ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ሐሳቡ እንዲሻር እጠይቃለሁ። ደብዳቤ መጻፉ የግድ ከሆነ አድራሻው ይለወጥ፤ ለሯጮቹ መሆኑ ቀርቶ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይሁን፤ ከግርጌውም የእያንዳንዳችን ስም ከነፊርማው ይስፈር። የመጀመሪያውን ፊርማ እኔ አኖራለሁ። ብዕርም ይዤ እመጣለሁ።