ልጆቿን ለመሸኘት የምታስተምር ከተማ

በሩሲያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የስንብት ደወል የሚደወልላቸው በግንቦት አጋማሽ ነው። ሴቶቹ ነጭ ሽርጥ ይታጠቃሉ፣ ፀጉራቸው ላይ ትልልቅ ነጭ ሪባን ያስራሉ። ከተመራቂዎቹ አንዱ ጎረምሳ አንዲት የአንደኛ ክፍል ሕፃን ትከሻው ላይ ያስቀምጥና፣ እሷ ቃጭሏን እያቃጨለች እሱ በተሰብሳቢው ፊት ይዞራታል። እናቶች ያለቅሳሉ። በደቡብ ከተሞች በዚያ ሰሞን ዛፉ ሁሉ አብቧል። ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 163 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው በኢጋርካ ግን የኒሴይ ወንዝ ገና በረዶውን አልጣለም። በረዶው ተሰባብሮ ወንዙ ለመርከብ መንገድ የሚሰጠው ልጆቹ ፈተና ላይ በሚቀመጡበት ሰሞን ነው። ከዚያ መርከቡ ይመጣል፣ ልጆቹ ይሄዳሉ።

የእነዚህ እናቶች ለቅሶ ከሌሎቹ ለቅሶ ሳይለይ አይቀርም። ሞስኮ ውስጥ ልጁ ትምህርት ጨረሰ ተብሎ ይለቀሳል። እዚህ የሚለቀሰው ልጁ ከቤት ስለወጣ ነው።

ኢጋርካ የተቆረቆረችው በ1929 ነው (ወራቱን በእኛ፣ ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እንጀራዋ እንጨት ነበር። ከላይኛው ጫካ የተቆረጠው ግንድ በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል፣ እዚያ ይሰነጠቃል፣ ከሰሜን ባሕር ወንዙን ሽቅብ የሚመጡ የውጭ አገር መርከቦች ጭነውት ይሄዳሉ። በ1989ኙ ቆጠራ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፣ የእንጨቱ ንግድ ተዳከመ፣ መሰንጠቂያውም ተዘጋ። በ2010 ሲቆጠር የቀረው ሕዝብ ከስድስት ሺህ ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ ወዲህም ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አልሄደም። ባቡር አይደርስባትም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ የመኪና መንገድም የላትም። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከከተማው ማዶ፣ ደሴት ላይ ነው። ስለዚህ በረዶው በሚጋገርበትና በሚሰበርበት ሰሞን ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ ክራስኖያርስክ ለመብረር ትኬት መያዝ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ያንን ውኃ የሚሻገሩበት መላ መገኘት አለበት።

የእንዲህ ያለ ቦታ ልጅ ልቡ ቢሸፍት ምኑ ይገርማል? እኔን የሚገርመኝ ይህችው ከተማ በልጆቿ ተስፋ ስሟ የተነሳ መሆኗ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የኢጋርካ ተማሪዎች ለማክሲም ጎርኪ ደብዳቤ ላኩ፤ ስለ ከተማችን መጽሐፍ ልንጽፍ ነውና ይምከሩን አሉ። ታላቁ ደራሲ በ1936 መጀመሪያ ላይ ምን ምን ቢጽፉ እንደሚሻል እየዘረዘረ መለሰላቸው። እሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሞተ፤ እነሱ ግን ሥራቸውን አልተዉም። «እኛ ከኢጋርካ» በ1938 ታትሞ ወጣ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ዋልታው ሌሊት፣ ስለ ወደቡ በልጅ አንደበት የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ ከተማዋን ገና የምታድግ እኩያቸው አድርገው ያዩ ልጆች የጻፉት።

መጽሐፉ ዝም ያለው ነገር አለ። ከኢጋርካ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ሀብታም ገበሬ ናችሁ ተብለው መሬታቸውንና ከብታቸውን የተነጠቁ፣ ከነቤተሰባቸው ወደ ሰሜን የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ያለ ግዞት ሰፈሩ አዛዥ ፈቃድ ከተማውን ለቅቀው መሄድ አይችሉም ነበር። መሸኛ የሚጽፍላቸው ቀበሌ አልነበረም ብንል የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። በ1938 ይህን ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ደግሞ አንገቱን የጠላ ብቻ ነው። (ሳይቤሪያ መላክ ለእኛም ታሪክ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሐኒባል፣ ሐበሻ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፣ አይደለም የሚሉም አሉ፣ ታላቁ ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ በ1727 በመሐንዲስነት ስም ወደዚያ ተሸኝቶ እስከ ሴሌንጊንስክ ድረስ ሄዷል። እሱም መውጫ መውጫውን ሲያይ ነው የከረመው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ስታሊን በስተ ምዕራብ ካለችው ከሳሌክሃርድ ከተማ እስከ ኢጋርካ የባቡር ሐዲድ ይዘርጋ አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ እስረኞች በረግረጉና በትንኙ መሐል እየወደቁ እየተነሱ ሠሩት። በ1953 ስታሊን ሲሞት ሥራውም አብሮ ቆመ። የተጣመመው ሐዲድና የበሰበሰው ሰፈር ዛሬም ጫካ ውስጥ አለ፤ ኢጋርካ ግን ከተቀረው አገር ጋር ሳትገናኝ ቀረች። ይህን ሳስብ በዚያ ምድር መምጣትም ሆነ መሄድ ለነዋሪው የተተወ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም እላለሁ። ሰውን የሚያመጣውም የሚከለክለውም መንግሥት ነበር። ዛሬ «ልሂድ» የሚለው ወጣት ለአያቱ ያልተፈቀደውን እየጠየቀ ነው።

ከኢጋርካ ልጆች ሁሉ ስሙ የገነነው ቪክቶር አስታፊየቭ ነው። እዚያ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ፣ ጫካ ውስጥ ስለመጥፋት በትምህርት ቤት ከጻፈው ድርሰት ቆይቶ «የቫስዩትካ ሐይቅ» የተባለ ታሪክ የወጣለት ደራሲ። በ1941 ትምህርቱን እንዳቆመ ሠርቶ የትኬቱን ገንዘብ አጠራቀመና ወደ ክራስኖያርስክ ተጓዘ፤ እዚያም የባቡር ሙያ ማሠልጠኛ ገባ። በዕድሜው ማምሻ የተመለሰው ወደ ተወለደባት መንደር ወደ ኦቭስያንካ ነው፤ ወደ ኢጋርካ አይደለም። የከተማዋ መኩሪያ የሆነው ሰው ራሱ ለትኬት ሠርቶ የሄደ ነው፤ ወጣቶቹን ከዳተኛ የሚል ካለ ይህን አይርሳ።

የዛሬው ልጅ ትኬት ያለው ፈተና ውስጥ ነው። አንድ ወጥ የሆነው የመንግሥት ፈተና ከ2009 ጀምሮ በመላው ሩሲያ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ የሚመኝ ልጅ በአብዛኛው እዚያው ሄዶ የየዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተና መፈተን ነበረበት። ሞስኮ ላለ ልጅ የአንድ ቀን ነገር ነው። ለሰሜኑ ልጅ ግን የአውሮፕላን ዋጋ፣ ማደሪያና ሁለተኛ ዕድል የሌለው ቁማር ነበር። አሁን እዚያው ከተማው ውስጥ ተፈትሾ ይገባል፣ ስልኩን ያስረክባል፣ ካሜራ ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። ውጤቱን ለተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይልካል። ፈተናው በሩሲያ ክፉኛ ይታማል። ልጆችን በቀቀን አደረጋቸው፣ ሁለቱን የመጨረሻ ዓመታት የሽምደዳ ዓመታት አደረጋቸው ይባላል። ሐሜቱ ውስጥ እውነት የለም አልልም። ግን ከሐሜተኞቹ መካከል ስንቱ ልጁን ለመግቢያ ፈተና ከየኒሴይ ጫፍ ልኮ ያውቃል? ለእኔ ይህ ፈተና ለእንዲህ ያሉ ከተሞች ከተደረገው ሁሉ ሚዛናዊው ነው።

ችግሩ ፈተናው የሚሠራ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ በተሳካለት ቁጥር ከተማው ሰው ያጣል። ጥሩ መምህር ማለት ብዙ ልጅ የሸኘ መምህር ነው። ወላጅም ቢሆን ልጁ እዚያው ቢቀር ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ይሰጋል፤ «ትልቁ ምድር» ወደሚሉት ወደ ደቡቡ ያልሄደ ልጅ እንደወደቀ ይቆጠራልና። መቅረት በራሱ የውድቀት ምልክት የሆነበት ከተማ ውስጥ ማን ይቀራል?

ከከተማ ወጥተን ወደ ሰሜን ወደ ታይሚር ቱንድራ ከሄድን ደግሞ መለየቱ በሰባት ዓመት ይጀምራል። አጋዘን የሚያረቡት የኔኔትስና የዶልጋን ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ሲከፈት በሄሊኮፕተር ተጭነው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይወሰዳሉ፣ ሲዘጋ ይመለሳሉ። አሥር ዓመት እንዲህ የኖረ ልጅ ከአባቱ የሚማረውን ሙያ በበጋ ዕረፍት ብቻ ነው የሚያየው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ «ቱንድራው ይሻልሃል ወይስ ከተማው» ተብሎ ሲጠየቅ ምርጫው በእጁ ያለ ይመስላል። የተመረጠለት ግን ገና ጫማውን ማሰር ሳይለምድ ነው።

መንግሥት ምን አደረገ ለሚለው መልስ አለ፤ ዝርዝሩ ሲታይ ግን ወጣቱ የለበትም። ከሰሜን ለሚወጡ ሰዎች የቤት መግዣ ድጎማ የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ2002 ነው። ተጠቃሚው ከ1992 በፊት ወደ ሰሜን የመጣና ቢያንስ 15 ዓመት የኖረ፣ ሌላ ቦታ ቤት የሌለው ሰው ነው። ወረፋውም ደረጃ አለው፤ አካል ጉዳተኞች ይቀድማሉ፣ ጡረተኞች ይከተላሉ፣ ሥራ የሌላቸው ሦስተኛ ናቸው፣ እየሠሩ ያሉት መጨረሻ። ከተማዋ ስትከስም ዕድሜያቸው ገፍቶ ለተቀረቀሩ ሰዎች ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ተራው ሳይደርሰው የሚሞት የለም ማለት ግን አይቻልም። ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ በዚያ ወረፋ ስሙ ቢገኝ በአያቱ ወይም በወላጁ መዝገብ ሥር፣ እንደ ቤተሰብ አባል ነው። ራሱን ችሎ ሊሄድ ለሚፈልግ ወጣት ሕጉ አንድም መስመር የለውም።

ሰው ለማምጣት የወጣው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ከ2012 ጀምሮ ወደ ገጠር ለሚሄድ ሐኪም፣ ከ2020 ጀምሮም ለመምህር አንድ ሚሊዮን ሩብል ይሰጣል፣ በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ዕጥፍ። መምህሩ አምስት ዓመት ሊቀመጥ ይፈርማል። ገንዘቡ ግን ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው እያስተማረች ላለች መምህርት አይደለም። አንድ ኮሪደር ላይ የሚተላለፉ ሁለት መምህራን ይታዩኝ፦ አንዷ ሚሊዮኗን ይዛ ቀን ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ያለ ሚሊዮን ዕድሜዋን። ልጆቹ ይህን አያዩም ብሎ የሚያስብ ልጅ አያውቅም። ውል ፈርሞ መማርም አለ። መሥሪያ ቤት ወይም አስተዳደር ለተማሪው የዩኒቨርሲቲ ቦታ ያስይዝለትና ተመርቆ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲያገለግል ያስፈርመዋል፣ ካላገለገለ ያስከፍለዋል። በሶቪየት ዘመን ምደባ የነበረው ነው፣ ስሙን ቀይሮ። እኔ በውሉ አልቃወምም። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ለቀጣዩ ዓመት ምን አዘጋጅተናል የሚል ሰው ግን አላየሁም።

ሥራ የለም እንዳይባል ነዳጅ አለ። ከኢጋርካ ብዙም የማይርቀው የቫንኮር ማውጫ በ2009 ምርት ጀምሯል። ተረኛ ሠራተኞች በኢጋርካ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋሉ፣ በሄሊኮፕተር ወደ ካምፕ ይወሰዳሉ፣ ተራቸውን ሲጨርሱ በዚያው መንገድ ወደ ቤታቸው ይበራሉ። ማረፊያው ማዶ ደሴቱ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ከተማው ሳይሻገሩ መጥተው ሳይሻገሩ መሄድ ይችላሉ። ኩባንያው በዚህ አሠራር ያተርፋል፤ ብርዱ ውስጥ ሙሉ ከተማ ከማሞቅ ካምፕ ማሞቅ ይረክሳልና። ሶቪየት ኅብረት የት ሰው መኖር እንዳለበት ስትወስን ስሌት አልነበራትም፤ ያሁኖቹ ደግሞ ከስሌት በቀር ምንም የላቸውም።

ፈጥኖ የሚከፍል በር አንድ ብቻ ነው። በሐምሌ 2024 የወጣ ድንጋጌ ለዩክሬኑ ጦርነት ውል ለሚፈርም ሰው ከፌዴራል በጀት 400 ሺህ ሩብል በአንድ ጊዜ እንዲከፈል አዝዟል፤ ክልሎች ከዚያ ላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ፣ ከሚሊዮን የሚያልፉም ብዙ ናቸው። የሟቾችን ስም በገለልተኝነት የሚቆጥሩ ጋዜጠኞች ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛ ቁጥር ካገኙባቸው ክልሎች መካከል የሳይቤሪያዎቹ ቱቫና ቡርያቲያ አሉ፤ ሁለቱም ከአገሪቱ ድሆች የሚመደቡ ናቸው። ለመምህርት አምስት ዓመት ቁጭ በይ ያለ መንግሥት ለዚህኛው ወረፋ አያውቅም።

በጸደዩ ዙር ለግዳጅ ውትድርና የተጠሩት ወደ ጦሩ የሚላኩት ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ የስንብት ደወሉም፣ ፈተናውም፣ የወንዙ መከፈትም በዚያው መሐል ይውላሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድ ልጅ እስኪመረቅ ጥሪው ይዘገይለታል። ሌላም ቦታ መማሪያ ያላገኘውና 18 ዓመት የሞላው ግን ጤናው ከፈቀደ ይጠራል። ስለዚህ በኢጋርካ ፈተናውን ያላለፈው ጎረምሳም በዚያው ሰሞን ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ መጓጓዣውን የሚከፍልለት ግን መንግሥት ነው።