ስለ ኮድ አሰላለፍ ጥቂት ቃል

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች በታብና በስፔስ ሲከራከሩ የሰማ ሰው፥ ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ ብለን አናልፈውም። ስፔስ የአንድ ፊደል ያህል ባዶ ቦታ ነው፤ ታብ ግን «እስከሚቀጥለው ማቆሚያ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ስለ ሆነ፥ በአንዱ ኮምፒዩተር 8፥ በሌላው 4 ፊደል ያህል ይሰፋል። በታብ የተደረደረ ዓምድ ጎረቤት ዘንድ ሲደርስ የሚንጋደደው ስለዚህ ነው። መንጋደድ ብቻ ቢሆን በቻልነው! ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የሠራው ሜክ፥ የትእዛዙ መስመር በታብ ፈንታ በስፔስ ከጀመረ በተለምዶ ሥራውን ያቆማል፤ ፓይተን 3ም ሁለቱ ያለ ሥርዓት ሲደባለቁ አልቀበልም ይላል። ጥፋቱንም ዐይን አይለየውም፤ ሁለቱም ባዶ ናቸውና።

የፎንቱም ነገር አለ። ለኮድ የሚመረጠው የላቲኑ «አይ» እና «ደብሊው» እኩል ስፋት የሚይዙበት ነው። ይህ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፥ በመካከሉ የአማርኛ ማብራሪያ ሲገባ ኮምፒዩተሩ ከሌላ ፎንት ይበደርና በስተቀኝ ያለው ድርድር ይናጋል። አማርኛው ከኮዱ በላይ በራሱ መስመር ቢጻፍ ይሻላል እንላለን። ቋንቋው ካልከለከለ፥ የመስመሩን መነሻ ገባ ለማድረግ ታብ፥ ዓምድ ለማስተካከል ስፔስ ይሁን፤ ዐይኑ የደከመ ባልደረባ ታቡን እንደሚመቸው ያሰፋዋል፥ ዓምዱም አይነቃነቅበትም።