ልጁ መዳህ ጀመረ

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ወታደር ሆኖ ሰሜን ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ማታ ኩራዝ ሥር ቁጭ ብላ ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ካልኩ በኋላ ያለውን ግን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ላማችን መውለዷን፣ የጓሮው ጌሾ መድረቁን፣ ታናሽ እኅቴ ጥርስ ማውጣቷን ስትነግረኝ፣ «ይሄ ለወታደር ምን ይሠራለታል?» ብዬ እዘለው ነበር። ያለችን አንዲት ወረቀት ናትና ለቁም ነገር ትቆይ ባይ ነበርኩ።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ እኅቴን ታቅፎ «ጥርስ ያወጣችው መቼ ነው?» አለ። እናቴ ደነገጠች። «አስጽፌልህ የለም እንዴ?» አለችው። እኔ አቀረቀርኩ።

ይህ ነገር የተቀሰቀሰብኝ የሃሪየት ኒውቢን ደብዳቤዎች ሳነብ ነው። ሃሪየት ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቨርጂኒያው ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ፣ ብሬንትስቪል በምትባል ቦታ ከልጆቿ ጋር በባርነት ትኖር ነበር። ባሏ ዴንጀርፊልድ ነፃ ወጥቷል። እሷንና ልጆቹን ከጌታዋ ለመግዛት ገንዘብ ፍለጋ ደፋ ቀና ይላል። እ.ኤ.አ. በ1859 የጻፈችለት ሦስት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ።

በአፕሪል 11ዱ ደብዳቤ የዘገየችበትን ምክንያት ትነግረዋለች። እመቤቷ ወልዳ ታማለች፤ ሃሪየት ሌት ተቀን እሷን ስታስታምም ለመጻፍ ጊዜ አጥታለች። የራሷ ጨቅላ እያለ የሌላ ሰው አራስ ትጠብቃለች። በአፕሪል 22 ደግሞ ናፍቆቷን ከነገረችው በኋላ፣ መሰነባበቻው ላይ ሕፃኑ በዚያ ዕለት መዳህ መጀመሩን፣ ገና ስስ መሆኑንም ትጨምርለታለች። በኦገስት 16ቱ ድምጿ ይለወጣል። ጌታዋ ገንዘብ ቸግሮታል ሲባል ሰምታለች። ቶሎ ካልገዛት ሌላ ሰው እንደሚገዛት ነግራ እንዲጣደፍ ትለምነዋለች።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። ዴንጀርፊልድ ባርነትን በጦር መሣሪያ ለመጣል ከተነሣው ከጆን ብራውን ጋር ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ዘመተ። ኦክቶበር 17 ቀን ከዘማቾቹ ሁሉ ቀድሞ ተገደለ። ሃሪየትም ወደ ሉዊዚያና ተሸጠች።

ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ሰውየውን ለጦርነት ያነሣሣው ምን እንደሆነ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና። እኔ ግን ከአፕሪል 22ቱ ደብዳቤ መላቀቅ አልቻልኩም። ዴንጀርፊልድ በዚያች ሴት ላይ ባልነቱን፣ በዚያ ልጅ ላይ አባትነቱን የሚያጸድቅለት ሕግ አልነበረም። ሃሪየት «ልጅህ ዛሬ ዳኸ» ስትለው ሕጉ የነፈገውን እሷ ሰጠችው። ቤቱ ውስጥ ቦታውን አስቀመጠችለት። እንዲህ ያለ ወሬ ተራ ወሬ አይደለም።

የእኛ ስደትና የእሷ ባርነት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ሆኖም ከቤቱ የራቀ ሰው ረኃብ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጅዳም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲደውል የምንነግረው አብዛኛውን ጊዜ «ብሩ ደርሷል፣ ሁላችንም ደኅና ነን» የሚለውን ነው። እንዳይጨነቅ ብለን ሕመሙን እንደብቃለን፤ ምን ይሠራለታል ብለን ደስታውን እንዘላለን። እሱም ቀስ በቀስ ለቤቱ ገንዘብ ላኪ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ሲመጣ ልጆቹ እንደ እንግዳ ያዩታል፤ እሱም ምን ብሎ እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ደብዳቤ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር። እኔ ያስቀረሁባትን ዛሬ መመለስ አልችልም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ስልኩ ሲጠራ ከ«ደኅና ነን» አትጀምሩ። ላሟ ወልዳ ከሆነ ንገሩት። ጥጃዋ ምን ዓይነት መልክ እንዳላትም ጨምሩለት።