ጓጉንቸሩስ ምን አጠፋ?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ አጠናንና ስለ ምግብ ቤታችን ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ በር ቁልፍ ልጽፍ ነው። «ይኼ የአናጢ ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዛኞቻችሁ ዕጩ መምህራን በየወረዳው ተመድባችሁ ቤት መከራየታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ አናጢው ላይገኝ ይችላል፤ ሌባው ግን አይጠፋም።

እስቲ የራሴን ላጫውታችሁ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ በተመደብኩበት ከተማ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። ከመጀመሪያው ደመወዜ ላይ ቀንሼ ገበያው ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁን ጓጉንቸር ገዛሁ። ክብደቱ ራሱ ያኮራል! ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ብረት ግን አከራዬ ድሮ ባስገቡት አራት አጫጭር ቪቴ ተይዞ እንደነበረ ተውኩት። የቪቴዎቹም ራስ በውጭ በኩል ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ፣ ጓጉንቸሬ እንደተቆለፈ ከነብረቱ ደፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰውዬው አራቱን ቪቴ በካቻቢቴ ፈትቶ ቁልፉን ሳይነካ ገብቷል። ራዲዮኔንና ብርድ ልብሴን ይውሰድ ግዴለም፤ ያንገበገበኝ ያልታረመ የ62 ተማሪዎች የፈተና ወረቀት የነበረበትን ቦርሳ ይዞ መሄዱ ነው። ልጆቹን ሰብስቤ «እንደገና ትፈተናላችሁ» ስላቸው የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አከራዬም ጎረቤቱም እኔም ግን በአንድ አፍ «ቁልፉ የማይረባ ነው» አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ የበለጠ ትልቅ ጓጉንቸር ለመግዛት ወጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተካሄደበት ወቅት፣ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ የቁልፍ ባለሙያ ለአሥርተ ዓመታት ማንም ያልደፈረውን የብራማን ቁልፍ ያለ መክፈቻው ከፍቷል። የፈጀበት ጊዜ በ16 ቀናት ውስጥ ከ50 ሰዓት በላይ ነበር። የሰፈራችን ሌባ 50 ሰዓት ከየት ያመጣል? እሱ ከቁልፉ ጋር አይታገልም፤ የሚያየው ቪቴውን፣ መቃኑንና ማጠፊያውን ነው። ስለዚህ በበኩሌ ለቁልፍ ከሚወጣው ገንዘብ ገሚሱ ለበሩና ለመቃኑ ይዋል ባይ ነኝ።

ጓጉንቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ማንጠልጠያው በቪቴ ሳይሆን በብሎን ይያዝ። የብሎኑ ድቡልቡል ራስ በውጭ ይቅር፤ ዳዶው ከውስጥ ይታሰር። በበሩ ውስጥ የሚቀበር ቁልፍ ከሆነ ደግሞ፣ ምላሱ የሚገባበትን ብረት መቃኑ ላይ የያዙትን ቪቴዎች አውጥታችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙትን ብታስገቡ መቃኑን አልፈው የቤቱን ቋሚ እንጨት ይነክሳሉ፤ በአንድ ርግጫም አይነቀሉም።

ሌላው የመክፈቻው ነገር ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ መክፈቻውን መልሶ ይሆናል፤ ሌላ አለማስቀረጹን ግን ማን ያውቃል? አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ ሲሊንደሩን ብቻ ለውጡ። በበሩ ጠርዝ ላይ በሲሊንደሩ ትክክል ያለችውን አንዲት ረጅም ቪቴ መፍታት፣ መክፈቻውን አስገብቶ ትንሽ ዞር ማድረግና መሳብ ነው፤ በቃ፣ ይወጣል። አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት ከቪቴው ቀዳዳ መሐል እስከ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ለኩ፤ በሁለቱም ወገን እኩል ላይሆን ይችላልና። በውጭ በኩል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ካለ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል።

ቁልፉ አልዞር ሲል ወዲያው መደብደብ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። በሩን ክፈቱትና ምላሱን አዙሩ። ክፍት ሆኖ ከዞረና ሲዘጋ ብቻ እምቢ ካለ፣ ያዘቀዘቀው በሩ እንጂ የተበላሸው ቁልፉ አይደለም። ከዚያ የምላሱን ጫፍ በጠመኔ (ይኼ እንኳ በእጃችን አይጠፋም) ቀቡና በሩን ዘግታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ጠመኔው መቃኑ ላይ የሚያርፍበት ቦታ የሚጋጭበትን ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውን ማጠፊያ ቪቴ ማጥበቅ ይበቃል፤ ቀዳዳው ከሰፋ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ ጠቅጥቁበት። በሐምሌ ያበጠን በር ግን ቸኩላችሁ አትላጉ፤ በጥቅምት ሲደርቅ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። መክፈቻው ራሱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የእርሳስ ቅንጥብ ፈጭታችሁ ዱቄቱን ነስንሱበት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ አቧራ ሰብስቦ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ዘንጎች ያጣብቃቸዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። አንዳንድ ሰልጣኞች ጓደኛቸው ተኝቶ ሳለ ከውጭ ቆልፈውበት ቁርስ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሰው ውስጡ ያለበት ክፍል ከውጭ አይቆለፍም! መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ያለው ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ ያ ልጅ በየት ይወጣል? ማታም ከውስጥ ቆልፋችሁ መክፈቻውን የት እንዳስቀመጣችሁ በጨለማ አትፈልጉ፤ ያለ መክፈቻ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ይሻላል።

በእጅ ሥራ ክፍላችን ጥግ አንድ አሮጌ በር ከነመቃኑ ተጥሎ አቧራ ይጠጣል። ሰልጣኞች የፊታችን ሐሙስ ከትምህርት በኋላ መሮና ካቻቢቴ ይዛችሁ ብትመጡ እኔ አሮጌ ቁልፍ አመጣለሁ፤ ነቅለን እንገጥመዋለን። መምህራንም ብትመጡ አንጠላም፤ የስንቶቻችሁ በር በገመድ እንደሚታሰር አውቃለሁና።