ሰሊጡ መጋዘን አለው፤ ማሽላውስ?

በአገራችን ስለ እርሻ በተነገረ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና በሄክታር ስለሚገኝ ኩንታል ነው። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ስለሚገጥመው ዕጣ ግን የሚጨነቅ ባለሥልጣን እምብዛም አይታይም። ለዚህ መተማን በአስረጅነት እንውሰድ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለሰሊጥ በመተማ መጋዘን ተዘጋጅቶለታል፤ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይጠበቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰሊጥ ዶላር ያመጣል። ገበሬው የሚበላው ማሽላ ግን በጭቃ በተመረገ ጎተራ ወይም በተራ ጆንያ ለነቀዝ ተትቷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ከደጋ ወደ መተማና ቋራ የወረደው ወገናችን ልዩነቱን ያውቀዋል። በብርዳማው ደጋ ለመራባት ወራት የሚፈጅበት ነቀዝ፣ በቆላው ሙቀት በ5 ሳምንት ገደማ ከእንቁላል ተነሥቶ ሙሉ ነቀዝ ይሆናል።

ገበሬው ታዲያ ምን ያድርግ? ወይ ነቀዙን ፈርቶ እህሉን በመከር ወቅት በርካሽ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባም ያንኑ እህል በውድ ይሸምታል። ወይ ደግሞ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ የሚያመነጨውን ኪኒን ገዝቶ፣ ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ካለው ጎተራ ይጨምራል። ጋዙ በጭቃው ስንጥቅ ሲያመልጥ ነቀዙ ይተርፋል፤ ለተመረዘ ሰው ግን ማርከሻ የለም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ፒክስ የሚባለው ከረጢት በጆንያ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖች ያሉት ነው። በሚገባ የደረቀ እህል ሞልተው ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አጥብቀው ሲያስሩት፣ ነቀዙ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። መርዝ አያሻም።

የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 በማላቦ ተሰብስበው፣ ከመከር በኋላ የሚደርሰውን ብክነት እስከ 2025 በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገብተው ነበር። ማዳበሪያን በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል እስከ ቀበሌ የሚያከፋፍል መንግሥት፣ ከረጢቱን በዚያው መንገድ፣ በብድርም ቢሆን፣ ከመከር በፊት ማድረስ እንዴት ይሳነዋል?

እህሉን ማቆየት ያልቻለ ገበሬ በዋጋ ሊደራደር አይችልም፤ ገበያ የወጣው ነቀዝ አስገድዶት ነውና። ጎተራው ከተራቆተ በኋላ የሚጻፍ የእርዳታ ጥያቄ ደግሞ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።