ከአሮጌው ጀልባ የሚንጠባጠበው ነዳጅ

ብዙ ትልቅ ጉዳት ሲነሣ ትንሽ ሆኖ ነው። ቃጠሎ ከአንድ ፍም፣ የግድብ መፍረስ ከአንድ ስንጥቅ ይጀምራል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ይህንኑ ተመልክተው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመረምረው ጉዳይ እንዲሁ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲከተሉት ግን ከብዙ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ከሚመላለሱት ባለሞተር ጀልባዎች መካከል ዕድሜ ከተጫናቸው የሚንጠባጠበው ነዳጅ ነው።

«ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጠብታው ምን ያደርገዋል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐይቁን፣ ቀጥሎም ጠብታውን እንለካ።

በኦሮምኛ ደምበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ ነው። ስፋቱ ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱንም እንደዚያው የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል፤ አማካይ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ከመቂና ከቀጣር ወንዞች ተቀብሎ ትርፉን በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ያወርዳል። ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው የባቱ ከተማ የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ስንልም ነገሩ ያው ነው። በ1952 ዓ. ም. የተፈጸመው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ውኃ አቁሞ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አድርጎታል፤ የአዳማ ሕዝብም የሚጠጣው ከዚያ በታች ከአዋሽ ተስቦ የተጣራውን ውኃ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሐይቆች ላይ የሚሄድ ጀልባ የሚጓዘው በከተማ የውኃ ጋን ውስጥ ነው ብንል ከእውነቱ አልራቅንም።

የጠብታው ሒሳብ

አንድ የተበሳ ቱቦ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ይጥላል እንበል። ጀልባው ታስሮ ባደረበትም ሰዓት ነዳጁ ካልተዘጋ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ይሆናል። የቤንዚን ጠብታ ከውኃ ጠብታ ያንሳልና ሃምሳውን ጠብታ እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ብንቈጥረው በቀን ከ1.7 ሊትር በላይ፣ በወር ደግሞ ወደ 52 ሊትር ይደርሳል።

ይህ በገንዘብ ምን ያህል ነው? መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት በጀመረበት በ2014 ዓ. ም. የሰኔ ወር መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ዓ. ም. ታኅሣሥ ሲያልቅ ግን ከ101 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ዋጋ እንኳ 52 ሊትር ከ5,200 ብር በላይ ያወጣል። ይህም ለአንድ አሣ አጥማጅ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ለአገርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭኖ፣ በአዋሽና በአዳማ መንገድ ስንትና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በደኅና መጥቶ በመጨረሻው አንድ ክንድ ቱቦ ላይ ሲፈስ ማየት ያሳዝናል።

ስለ ጤና ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በቤንዚን ውስጥ ቤንዞል የሚባል፣ የደም ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያመለከተው ልክ በሊትር ከአንድ ግራም መቶ ሺሕኛ እጅ ነው። ከቤንዚኑ መቶኛ እጅ ቤንዞል ቢሆን በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ከ700,000 ሊትር በላይ ውኃ እስከዚህ ልክ ሊያደርስ ይችላል። እርግጥ ነው፤ በውኃ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አብዛኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ናፍታና የሞተር ዘይት ግን እንዲህ ቶሎ አይጠፉም። ነፋስ ወደ ዳር ገፍቷቸው በቄጠማው ሥር ይቀመጣሉ፤ ያ ደግሞ ቆሮሶ የሚራባበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው እሳት ነው

ይሁን እንጂ ገንዘቡም ውኃውም ከሰው ሕይወት አይበልጡም። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ ወርዶ በጀልባው ወለል ሥር እንደ ውኃ ይተኛል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ያህል ሲደርስ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም የሲጋራ ጫፍ ትበቃዋለች። መኪና ቢቃጠል ሰው ወርዶ ይሸሻል፤ ጀልባ በሐይቅ መካከል ቢቃጠል ግን ወዴት ይሸሻል? በቱሉ ጉዶ፣ በጠደቻ፣ በፉንዱሮ፣ በገሊላና በደብረ ሲና ደሴቶች ወደ ገበያም፣ ወደ ሐኪም ቤትም፣ ወደ ክብረ በዓልም መሄጃው መንገድ ውኃው ብቻ ነው።

የሚፈሰው ከየት ነው?

የነዳጅ መፍሰስ ሲታይ ብዙ ሰው የሚያደርገው የረጠበውን ቦታ ማሰር ነው። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ነዳጅ በቱቦው ጀርባ ተንሸራትቶ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባልና የሚንጠባጠብበትና የሚፈስበት ቦታ አንድ አይደሉም። ምንጩን የሚያመለክተው ከረጠበው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው ቦታ ነው።

ፍለጋው ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ ጀልባው ዳር ተይዞ ሰው ይወርዳል፤ ሞተር አይነሣም፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይነካም፣ ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ እንዲያገኘው ይደረጋል። ሁለተኛ፣ ከጋኑ እስከ ሞተሩ ያለው ሁሉ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፤ በየመጋጠሚያውም ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፋል። ሦስተኛ፣ በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፊኛ እስኪጠነክር ድረስ ይጨመቃል፤ ወዲያው ቢላላ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ወይም በውስጡ ያለው መዝጊያ እየመለሰ መሆኑን ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል።

የሚመረመረውም ነዳጁ በሚሄድበት ተራ ነው፤ የጋኑ ክዳንና መተንፈሻ፣ የጋኑ ብየዳ፣ የቱቦው መጋጠሚያና በውስጡ ያለችው ክብ ጎማ፣ ቱቦው ራሱ፣ ፊልትሮው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ በመጨረሻም ካርቡራቶሩ። በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከተጣበቀ ወይም መርፌው ከተበላ ነዳጁ ሞልቶ ይፈሳል። በናፍታ በሚሠራው ሞተር ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከጋኑ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም፤ ስለዚህ ቢበሳ አየር ያስገባል እንጂ ናፍታ አያፈስ ይሆናል። ያለ ምክንያት ለመነሣት የሚያስቸግር፣ ተነሥቶም የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ ይህ በሽታ ያለበት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሙቀቱን መርሳት አይገባም። ከሞተሩ ጋር እንደ ተያያዘ በቀትር ፀሐይ ላይ የተተወ ጋን ይነፋል፤ ግፊቱም ቱቦው ደኅና ቢሆን እንኳ ነዳጁን ገፍቶ በካርቡራቶሩ ያፈሰዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ጀልባው በቆመ ጊዜ ቱቦውን ከሞተሩ ነቅሎ ጋኑን በጥላ ማስቀመጥ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

አሮጌ ቱቦ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽም ማወቅ ይጠቅማል። ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፤ የሞተር መንቀጥቀጥ ይሰነጥቀዋል። በ2001 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ. ም. ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል መደባለቅ ተጀምሮ ነበር፤ ኤታኖሉም የሚገኘው ከፊንጫና ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆ ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ለውጭ ምንዛሪ ቁጠባ ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለኤታኖል ያልተሠራ የቀድሞ ዘመን ጎማ በእርሱ ሲነካ ያብጣል፣ ይልማል። አዲስ ነዳጅ ሲመጣ ከአሮጌው መሣሪያ ጋር መስማማቱን መጠየቅ እንደሚገባ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

ማሰርና መጠገን አንድ አይደሉም

በየቦታው የተለመደው ጥገና ስንጥቁን በሳሙና መለጠፍ፣ ወይም ከመነዳሪ ቀዶ መጠምጠም ነው። ሁለቱም ለሰዓት እንጂ ለቀን አይበቁም፤ የከመነዳሪ ጎማ በቤንዚን ሲርስ አብጦ ይላላልና። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ቱቦም ለነዳጅ አይሆንም። ትክክለኛው ጥገና የተሰነጠቀውን ቱቦ በሙሉ ጥሎ ለነዳጅ በተሠራ ቱቦ መለወጥ፣ ጫፍና ጫፉንም በማይዝግ የብረት ፋሼታ ማጥበቅ ነው። የክብ ጎማዋ ዋጋ ከአንድ ቀን ፍሳሽ አይበልጥም።

የተበሳ የብረት ጋን ከሆነ ግን ጥንቃቄው እጅግ ይበልጣል። ቤንዚን የነበረበትን ጋን «ባዶ ነው» ብሎ መበየድ ሞትን መጥራት ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን በባዶው ጋን ውስጥ የቀረው ትነት ነውና። ይህ ሥራ ጋኑን አጥቦ ትነቱን ፈጽሞ ለሚያወጣ ባለሙያ ይተዋል፤ ከተቻለም ጋኑ ይለወጣል። በጀልባው ወለል የተጠራቀመው ነዳጅም ወደ ሐይቅ አይደፋም፤ በጨርቅ ተጠጥቶ ወደ የብስ ይወጣል። በሳሙና ማጠብም ቢሆን ነዳጁን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከውኃው አያወጣውም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር ይገባል። ቱቦው ሁሉ ደረቅ ቢሆን እንኳ በቤንዚኑ ላይ ዘይት ተደባልቆ የሚሠራው የቀድሞው ባለሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ሳያቃጥል በጭስ መውጫው ወደ ውኃ ይለቃል። ይህ ፍሳሽ በጨርቅም በወረቀትም አይያዝም፤ መፍትሔው ሞተሩን መለወጥ ብቻ ነው። ከቦደን ሐይቅ ለአራት ሚሊዮን ሕዝብ ያህል ውኃ የሚቀዳባቸው አገሮች ከ1993 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ለጀልባ ሞተር ጭስ ልክ አውጥተዋል። በአሜሪካ በታሆ ሐይቅ ደግሞ ካርቡራቶር ያላቸው ባለሁለት ምት ሞተሮች ከ1999 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ታግደዋል።

ለወጣት ባለሥልጣኖች

«እንግዲያውስ እኛም አሮጌውን ጀልባ ሁሉ እናግድ» የሚል ወጣት ባለሥልጣን አይጠፋም። ማገድ ቀላል ነው፤ አንድ ደብዳቤና አንድ ማኅተም ይበቃዋል። ነገር ግን የታሆ ባለጀልባ ጀልባው ቢታገድበት የሚያጣው መዝናኛውን ነው። የደሴቱ ሰው ግን ጀልባው ቢታሰርበት ምጥ የያዛትን ሴት በምን ያሻግራታል? ወይ በታንኳ ከማዕበል ጋር ይታገላል፣ ወይም ሌሊት ተደብቆ በዚያው በሚያፈሰው ጀልባ ይሄዳል። ያን ጊዜ እገዳው አደጋውን ከዓይን አራቀው እንጂ አላስወገደውም። በሌላ በኩል «ድሆች ናቸው» ብሎ ዝም ማለትም ርኅራኄ አይደለም፤ የሚቃጠሉትም፣ የተበከለውን የሚጠጡትም እነርሱ ናቸውና።

በእኛ አስተያየት መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው። ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ መዝገብ ይኑረው፤ ቱቦው መቼ እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ መረመረው ይጻፍበት። ተቆጣጣሪው ፍሳሽ ባገኘ ጊዜ መጀመሪያ መቅጣት ሳይሆን ያን ዕለት በዚያው ዳር እንዲጠገን ማድረግ ይሁን፤ ቅጣቱ ተነግሮት ላልጠገነው ይቆይ። ለነዳጅ የተሠራ ቱቦና ፋሼታ በአሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር መደብር ቢገኝ ሰው ከመነዳሪ አይጠመጥምም። የአገር ውስጥ ውኃ ጀልባዎችን ደኅንነት መቆጣጠር የማሪታይም ባለሥልጣን ሥራ ቢሆንም፣ በየማለዳው ዳር ሊገኝ የሚችለው የአካባቢው ሹም ነው። በ1985 ዓ. ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ በተመሠረተው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶችም ከክፍል የተማሩትን በባቱና በቆቃ ዳርቻ ቢፈትኑት ለጀልባው ባለቤትም ለራሳቸውም ይጠቅማሉ።

ወደፊትም ሌላ መንገድ ይከፈት ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ለአጭር ጉዞ የሚሆን የኤሌክትሪክ የጀልባ ሞተርም በዓለም ላይ አለ፤ ፀሐይ እንደ ሆነ በስምጥ ሸለቆ አይታጣም። ያ ቀን እስኪመጣ ግን ሐይቁን የሚሻገረው ያለው ጀልባ ነው። ስለዚህ ነገ ማለዳ ሞተር ከመነሣቱ አስቀድሞ የአንድ ደረቅ ጨርቅና የአንድ ነጭ ወረቀት ምርመራ ይደረግ። ይህን ለማድረግ የውጭ ምንዛሪም፣ አዲስ አዋጅም መጠበቅ አያስፈልግም።