ታዳጊው እስከ መቼ የተጠባባቂ ወንበር ያሙቅ?

ሸዋሮቢት ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል የይፋት ልጆች አቧራው ላይ ኳስ ያንከባልላሉ። ከመሃላቸው አንዱ ዕድል ቀንቶት የአዲስ አበባ ክለብ ታዳጊ ቡድን ቢገባ እንኳ፣ ዋናው ቡድን ደጃፍ ሲደርስ «ልምድ የለህም» ይባላል። ሳይሰለፍ ልምድ ከየት ያምጣ? ከመርካቶ ይግዛ እንዴ?

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ቡና በልጅነቱ ስላሰለፈው እንጂ ከሰማይ ዱብ አላለም!

የብዙዎቹ ክለቦች በጀት ደግሞ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት ካዝና የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። አንድ ዓመት ተጫውቶ ለሚሄድ ዝነኛ ይረጫል። በጀት አጽዳቂ ሹማምንት ሆይ! ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ክለቡን «ባለፈው ዓመት ስንት ታዳጊ አሰለፍክ?» ብላችሁ ጠይቁልን።